የዳይሬክተሩ ክረምት

ሐምሌ 6
ቦታ፦ ደብረ ማርቆስ፣ የኮሌጁ የወንዶች ማደሪያ፣ ክፍል 14። የተገኘ፦ እኔ ብቻ። አጀንዳ፦ የማስታወሻ ደብተር ስለመጀመር።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ታዝዤ ነው። የፈጠራ ድርሰት የምታስተምረን መምህርት ዜማ የመጀመሪያውን ታሪኬን ዛሬ መለሰችልኝ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ጽፋበታለች፤ «ሪፖርት»። ሌላ ምንም የለበትም። ታሪኩ የሚጀምረው «በቀን 12/10 ከጠዋቱ 2፡30 ሲሆን አንድ አርሶ አደር በበረታቸው ተገኝተው በሬያቸው መሞቱን አረጋግጠዋል» ብሎ ነው። እኔ ግልጽ አድርጌ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከክፍል ስንወጣ አስቆመችኝ። «መምህር ሙላት፣ ዳይሬክተር ከሆኑ ስንት ዓመትዎ ነው?»
«አሥራ አምስት።»
«ገባኝ» አለች። ከዚያ በየቀኑ በደብተር እንድጽፍ ነገረችኝ። «ለእኔም አያሳዩኝ። የበሉትን፣ የሰሙትን፣ የተናደዱበትን ይጻፉ።»
«በምን ቅርጽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ቾክ የያዘ ሰው አንቱ ነውና ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ግን ማንም ስለማያየኝ «አለች» እያልኩ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 7
የበላሁት፦ በሶ። የሰማሁት፦ ዝናብ። የተናደድኩበት፦ የለም።

ሐምሌ 10
እዚህ ለምን እንዳለሁ ይጻፍ። ከአምበር ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት አለ፤ የእሱ ዳይሬክተር ነኝ። ያለኝ ዲፕሎማ ነው። ለዲግሪው ክረምት ክረምት እየመጣሁ ስማር ዘንድሮ ስድስተኛዬ ነው። ሌላው ሁሉ አልቋል። ይህ ኮርስ ብቻ አምና ኤፍ ጣለብኝ። ሰዋስው ላይ ኤ ያገኘሁ ሰው ታሪክ መፍጠር አቅቶኝ ወደቅሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ሦስተኛ ዕድል የለም።

በሰኔ ደግሞ ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ከመስከረም ጀምሮ ዲግሪ የሌለው ዳይሬክተር አይቀጥልም ይላል። ምክትሌ ምስጋናው ዲግሪ አለው። ደብዳቤውን ያነበበልኝ እሱ ነው። ሲያነብ ድምፁ ትንሽ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው።

ባለቤቴ ወለላ በሶውን እያሰረችልኝ «ብታልፍ እሰየው፤ ባታልፍም ሰው አይሞትም» አለችኝ። እሷ ወንበር ምን እንደሆነ አታውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ደወሉ የሚደወለው እኔ ስፈቅድ ነው።

ሐምሌ 13
ዛሬ ዘግይቶ የተመዘገበ ልጅ ክፍላችን ገባ። ስሙ ሲጠራ አንገቴ ዞረ። ቢተው! እኛ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ሆኖ ያስተማርኩት ቢተው። አሁን አማኑኤል ከተማ አጠገብ መምህር ሆኗል፤ ጢም አብቅሏል። ውጭ ጠብቄ ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ቤተሰብ ደህና?» አለኝና መልሱን ሳይጠብቅ ሄደ። የሚቸኩልበት ነገር ይኖረዋል።

አብሮ አደሬ ፍቅረ ሥላሴ ከመርጡለ ማርያም የመጣ መምህር ነው፤ ዲያቆንም ነው። ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ሲነቃ ያዜማል። «ያ ልጅ የኔ ተማሪ ነበር» አልኩት። «ታዲያ ምን አስሮጠው?» አለኝ።

ሐምሌ 17
ቢተው ታሪኩን ክፍል ውስጥ አነበበ። አማኑኤል መናኸሪያ ቆሞ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ «ማንንም አልጠብቅም» እያለ ስለሚውል ሰውዬ ነው። ሲጨርስ መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ቢተው፣ ይህን የት ተማርከው?» ስትለው «እንጃ» አለ። እኔ ስሜ የሚጠራ መስሎኝ ቀና ብዬ ነበር።

ምሳ ላይ ለሦስት ሰው «የኔ ተማሪ ነው» አልኩ። ለአንዱ ሁለት ጊዜ።

ካልሲዬ ሁሉ እርጥብ ነው። እዚህ ከተማ በሐምሌ የሚደርቅ ነገር የለም።

ሐምሌ 20
ቧንቧው ጋ ጄሪካን ይዤ ወረፋ ቆሜያለሁ። ከግንቡ ማዶ ልጆች ልብስ ያጥባሉ። አንዱ እንዲህ ሲል ሰማሁ፤ «ጋሽ ሙላት አስተምሮህ ነበር አሉ። ታድለህ!» የመለሰው ድምፅ የቢተው ነው። «ደብተሬን ሰልፍ ፊት ያቃጠለብኝ ሰው ነው» አለ። ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ጄሪካኑ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ደብተር አቃጥዬ አላውቅም። ከሌላ መምህር ጋር አምታቶኝ ነው። ልጅ እያለ የሆነውን ማን በትክክል ያስታውሳል?

ሐምሌ 21
አላቃጠልኩም።

ሐምሌ 24
ሁለተኛው ታሪኬ ተመለሰ። ስለ ድልድይ ምረቃ ነበር የጻፍኩት። ማን ሪባን እንደቆረጠ፣ ማን ንግግር እንዳደረገ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል አለበት። መምህርቷ አሁንም «ሪፖርት» ብላለች። ግን መሀል ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር አስምራበታለች። «የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ውበቱ እሳቱን በእግሩ ሰበሰበው» ትላለች። ዳር ላይ «ይህ ሰው ምን እያቃጠለ ነው?» ብላ ጽፋለች።

ቆይቼ ደጋግሜ አየሁት። በእርግጥ ድልድይ ምረቃ ላይ ጥበቃ ምን ይሠራል? እሳትስ ማን አነደደ? እኔ ራሴ የጻፍኩት አይመስለኝም። ሳልቆጣጠረው የገባ ዐረፍተ ነገር ነው።

«ላወጣው እችላለሁ» አልኳት።
«እሱን ይተዉትና ሌላውን ያውጡት» አለችኝ።

ሐምሌ 27
ለሐቅ ሲባል፦ አንድ ደብተር ነበር። በሥርዓት ጉድለት የተወሰደ ደብተር። ለጥበቃው ተሰጠ። ጋሽ ውበቱ በኅዳር ብርድ ጠዋት ጠዋት እሳት ያነድ ነበር፤ ይህ የታወቀ ነው። ለጥበቃ የተሰጠ ነገር ኃላፊነቱ የጥበቃው ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አነበብኩት። ሪፖርት ነው።

ሐምሌ 29
ቁንጫ። ፍቅረ ሥላሴ ከኔ አልጋ ነው የሚመጣው ይላል። እኔ ደግሞ ከሱ።

ነሐሴ 1
ፍልሰታ ገባ። ፍቅረ ሥላሴ ከክፍል በቀጥታ ቅዳሴ ይሄዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። የምግብ አዳራሹ ጭር ብሏል። ዛሬ ቢተው ሳህኑን ይዞ ወደኔ ጠረጴዛ እየመጣ ነበር። ከዚያ አየኝ። ምስር እንደጎደለበት ሰው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሳህኑ ሙሉ ነበር።

ማንም አብሮኝ እንዳይቀመጥ የከለከልኩ ሰው አይደለሁም። ቢሮዬ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሰው አይገባም እንጂ ክፍት ነው።

ነሐሴ 4
አራት ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ዛሬ መጣ። ከማደሪያው ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ለወለላ ደወልኩ። ላሟ ወልዳለች፤ ጊደር ናት። ድንቹን ዋግ ሳይመታው ደርሰውበታል። ልጃችን የኔአለም ስልኩን ነጥቃ «አባዬ፣ ተረት ጻፍክ?» አለችኝ። «እየተሞከረ ነው» አልኳት። ስልኩ ለወለላ ተመለሰ።

«ወለላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአንድ ልጅ ደብተር አቃጥዬ አውቃለሁ?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አለሁ» አለች። «ያን ቀን ራትህን ሳትበላ ነው የተኛኸው።»
«ታስታውሺዋለሽ?»
«ኮትህ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ልጁ የጻፈውን ነገርከኝ። ኪስህ ውስጥ እንቁላል እንደያዝክ ነው የምትሄደው ብሎ። እኔ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ትክክል ነበራ! አንተ ግን ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ወሬ ይዘህ ገብተህ አታውቅም።»
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ምኑን? የሠራኸው አንተ ነህ፤ እኔ ምኑን ልንገርህ?»

ነሐሴ 5
ከሰዓት ክፍል የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ፍቅረ ሥላሴ ቅዳሴ ነው። ብቻዬን ነኝ። እንደነበረው ልጻፈው።

ዳይሬክተር ከሆንኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው። አዲስ ኮት አሰፍቼ ነበር፤ ትከሻው ይሰፋኛል። ከኔ በፊት የነበሩት ዳይሬክተር ሽማግሌ ነበሩ፤ ሲያስሉ ግቢው ይቆማል። እኔ ስጮህ እንኳ የሚቆም አልነበረም። ልጆቹ እንደሚስቁብኝ እጠረጥር ነበር። በኅዳር አንድ ጠዋት አንዲት መምህርት ደብተር ይዛ መጣች። «ይህ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሳምንቱ ነው» አለችኝ። የቢተው ነበር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ጽሕፈቱ ክብ ክብ ነው፤ መስመር አይስትም።

ለእያንዳንዱ መምህር አንድ ገጽ ሰጥቷል። አንዱ ሲያስነጥስ ቾኩ ከእጁ ስለማምለጡ፣ አንዷ ሰዓት ሳይኖራት ክንዷን ስለማየቷ። የኔ ገጽ መጨረሻ ላይ ነበረች። አጭር ነበረች። ዛሬ በቃሌ እንደማውቃት ገባኝ፤ አሥራ አምስት ዓመት ረሳሁ እያልኩ ይዣታለሁ።

«ዳይሬክተራችን ሲሄድ ኪሱ ውስጥ እንቁላል የያዘ ይመስላል። እንቁላሉ እንዳይሰበር ማንንም አይጠጋም።»

የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር አይደለችም ያናደደችኝ። በመጀመሪያዋ ሰው ይስቃል፤ ያልፋል። ሁለተኛዋን ግን የጻፈው አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጅ ነው። እንዴት አወቀ?

ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ወደ ፊት አወጣሁት። ጋሽ ውበቱ ከበሩ ጎን እሳቱን ይሞቅ ነበር። ደብተሩን ሰጠሁትና «አንድደው» አልኩት። ብያለሁ። ቃሉ የኔ ነው። ጋሽ ውበቱ ፊቴን አየ፤ ልጁን አየ። ቀስ ብሎ ከተተው። ሽፋኑ ላይ ያለው የማባዣ ሠንጠረዥ መጨረሻ ነው የተቃጠለው። የወጣውን ብጥስጣሽ ጋሽ ውበቱ በእግሩ ሰበሰበው።

ቢተው አላለቀሰም። እሳቱንም አላየም። የሚያየው እኔን ነበር፤ ወደ ቢሮዬ እስክገባ ድረስ አካሄዴን።

ነሐሴ 6
ትላንት የጻፍኩትን አነበብኩ። ቀን የለውም፤ ሰዓት የለውም፤ «መሆኑ ታውቋል» የለውም። እጄ ደከመ፤ ራት ግን በደንብ በላሁ።

ነሐሴ 9
ወደ ታሪክ ቀየርኩት። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩ። በመጀመሪያው ዳይሬክተሩ ትክክል ነበር። በሁለተኛው ዳይሬክተሩ ጭራቅ ሆነ፤ እሱም ውሸት ነው። በሦስተኛው ጥበቃው ደብተሩን ደብቆ ያተርፈዋል፤ ሳነበው ደስ አለኝ፤ ስለዚህ ቀደድኩት። አራተኛውን ለፍቅረ ሥላሴ አነበብኩለት። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ አገጩን በእጁ ይዞ፣ እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀስ ሰማኝ።

«ማነው ባለታሪኩ?» አለ።
«እኔ ነኛ።»
«ልጁስ?»
ወረቀቱን አጠፍኩ።
«ልጁ ከዚህ ሁለት በር አልፎ ነው የሚተኛው» አለኝ። «ሄደህ ጠይቀው።»
«ምን ብዬ?»
«ይህን ሁሉ የጻፍክ ሰው ይህ ይጠፋሃል?»

ነሐሴ 10
ሁለቱን በር አለፍኩ። ሦስተኛውንም አለፍኩ። ሽንት ቤት ሄጄ ተመለስኩ።

ነሐሴ 11
ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ዝናብ ያዘን። እሱ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። የሚሄድበት ስላልነበረው ሄድኩበት።

«ቢተው፣ አንዴ።»
«አቤት ጋሼ።»
«የጻፍኩት ነገር አለ። ስላንተ ነው። ስለ ደብተርህ። ሳታየው ክፍል ውስጥ አላነበውም። አይነበብ ካልክ አሁኑኑ እቀደዋለሁ።»
«ደግሞ ሌላ ደብተር?» አለኝ።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝ። ቆሞ አነበበ። ሦስት ገጽ ነው፤ ግን ቆየ። ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ ወደ አንደኛው ተመለሰ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አረጠበው፤ አንዳችንም አልተነቃነቅንም።

«እንዲህ አልነበረም» አለ በመጨረሻ።
«እንዴት ነበር?»
«መጀመሪያ አነበቡት። ጮክ ብለው፣ ለሰልፉ ሁሉ።»
«እኔ?»
«እርስዎ። ማስነጠሱ ላይ ሲደርሱ ልጆቹ በሙሉ ሳቁ። እርስዎም ሳቁ። እኔ ሊሸልሙኝ ነው ብዬ ቀና ብዬ ቆሜ ነበር። ወደ ራስዎ ገጽ ሲደርሱ ድምፅዎ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው ወደ እሳቱ የሄዱት።»

ይህን አላስታውስም። አሁንም አላስታውስም። ግን ውሸት እንዳልሆነ ሆዴ ያውቃል።

ቢተው ወረቀቱን እያጠፈ ዝናቡን ያይ ነበር። «ከዚያ በፊት የጻፍኩትን ነገር ሰው ጮክ ብሎ አንብቦልኝ አያውቅም። ድምፅዎ ያምር ነበር ጋሼ። እስከ ዛሬ ስጽፍ ዐረፍተ ነገሩ የሚሰማኝ በእርስዎ ድምፅ ነው። ሌላ ድምፅ ብዙ ፈለግሁ። አልመጣልኝም።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

ወረቀቱን መለሰልኝ። ከዚያ «ማንበቡን ይጨምሩበት» አለኝ። «የኔን ስም ግን ይቀይሩት።»
«ማን ልበልህ?»
«ልጁን ሙላት ይበሉት» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አሳየኝ። ዝናቡ ሳያባራ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ ሮጠ።

ነሐሴ 13
ማንበቡን ጨመርኩ። ከባድ ነው። ዳይሬክተሩ የሚስቅበትን ቦታ ስጽፍ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ አፈርኩ። ሰፈር ውስጥ የቡሄ ልጆች ይጨፍራሉ። ፍቅረ ሥላሴ ከመስኮቱ ሆኖ ይቀበላቸዋል።

ነሐሴ 18
ጾሙም ተፈታ፤ አነበብኩም።

ከመቀመጫዬ የተነሳሁት ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሰልፍ ፊት የቆምኩ ሰው! እንቁላሉ ጋ ስደርስ ክፍሉ ሳቀ፤ ጀርባዬ ላይ ላብ ወረደ። ሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ። ቢተው መጨረሻው ረድፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማ ነበር። ስጨርስ ገለጠው።

መምህርቷ ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፋ «ዳይሬክተሩ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» አለችኝ።
«ኮርስ ተመዘገበ» አልኳት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ለማሳቅ አልነበረም፤ የሆነውን ነው የተናገርኩት።

ምሳ ላይ ቢተው ሳህኑን ይዞ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስለ ታሪኩ አንድም ቃል አላነሳም። ዶሮው ጨው በዝቶበታል አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዝቶበታል።

ነሐሴ 20
ጽሑፉ ተመለሰ። «ሪፖርት» አይልም። እንዲህ ይላል፤ «ገጽ 3 ላይ ሁለት ቦታ ‹መሆኑ ታውቋል› ብለዋል። ማን ነው ያወቀው? ያውጡት።» ሌላ ምንም አላለችም። እንደዚህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ቆይቷል። ያወጣሁት እዚያው ቆሜ ነው።

ነሐሴ 26
ቢ! ቦርዱ ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት። ፍቅረ ሥላሴ እንደ ልጅ አቀፈኝና ከመሬት አነሳኝ። ቢተው ኤ አግኝቷል። «የኔ ተማሪ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። መምህርቷን ልሰናበት ስሄድ «ደብተሩ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ለማንም አላሳይም» አልኳት። «ጎሽ» አለች።

ጳጉሜን 2
አምበር ከመኪና ወርጄ ጭቃውን ስጎተት አመሸሁ። ወለላ እግሬን ልታጥበኝ ብትል እንቢ አልኩ፤ ራሴ ታጠብኩ። ጊደሯ ቀይ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት።

ምስጋናው ቤት ድረስ መጣ። ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ማስረጃው እስከ ጥቅምት ስለማይደርስ ወረዳው መጠበቅ አልቻለም፤ ዳይሬክተርነቱን ለእሱ ሰጥተዋል። እኔ አራተኛ ክፍል አማርኛ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ እኔ አልጠየቅሁም። ይመኑኝ» አለ። አመንኩት። ቁልፎቹን ከግድግዳው አንስቼ ሰጠሁት፤ የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ፣ የመጋዘኑ ወደ ግራ እንደሚዞር ነገርኩት። ጥሩ ልጅ ነው። ይህን አሁን ስጽፈው ሌላ ነገር የለበትም።

ከሄደ በኋላ ወለላ ፊቴን አየች። «ከፋህ?»
«ትንሽ።»
«እንግዲህ ንገረኝ» አለች። «ክረምቱን ሙሉ ምን ሆንክ?»

ጀመርኩላት። ከቧንቧው ወረፋ ጀመርኩ። የኔአለም ጉልበቷን አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ስጨርስ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ወለላ እንደገና አሞቀችው።

መስከረም 23
አርባ አንድ ልጆች አሉኝ። ትላንት «ወደ ትምህርት ቤት ስትመጡ ያያችሁትን ጻፉ» ብዬ ነበር። ዛሬ ደብተሮቹን ሰብስቤ ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። አብዛኞቹ ላም አይተዋል። አንዱ እባብ አይቻለሁ ይላል፤ እባቡ ግን ከገጽ ወደ ገጽ እያደገ ይሄዳል። መቅደላዊት የምትባል፣ ከወንዙ ማዶ የምትመጣ ዝምተኛ ልጅ አለች። የሷ ደብተር ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው።

«ምንም አላየሁም። ጭጋግ ነበር።»

ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ቆየሁ። ዱሮ ቢሆን «ያልተሟላ» ብዬ እጽፍበት ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚጨመርበትም የሚወጣበትም አጣሁ። እስክሪብቶውን ከደንኩና ልጅቷን ጠራኋት። እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ መጣች፤ የምቆጣት መስሏታል። አጠገቤ ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት።

«መቅደላዊት፣ ጭጋጉ ውስጥ ምን ሰማሽ?»

አሰበች። እግሯን መሬት ላይ ፋቀች።

«የእርስዎን እግር» አለችኝ። «ከፊቴ ይሄዱ ነበር። አይታዩኝም፤ ግን ኮቴዎን ሰማሁ። እሱን እየተከተልኩ ስለመጣሁ አልፈራሁም።»

ደብተሯን መለስኩላት።

«እሱን ጻፊዋ!» አልኳት።